ከየኔታ በፊት

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ወዲያው የሚነሡት ጉባኤ ቤቶቹ ናቸው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ቢቸና ሲሉ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ። የቅኔ ታሪክ የሚያወጉ ሊቃውንት ማን ከማን እንደተማረ፣ ማን የማንን ወንበር እንደወረሰ አያይዘው ይቆጥራሉ። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ቆጠራው ሁልጊዜ የሚጀምረው ልጁ የኔታ ፊት ከተቀመጠበት ቀን ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አፉን ፈትቷል፣ ይለምናል፣ ያሾፋል፣ ይዋሻል፣ ይምላል፣ ተረት ጀምሮ ይጨርሳል። ይህን ሁሉ ማን አስተማረው? የሞጣና የቢቸና ሰው የሚታወቅበት የንግግር ችሎታ መሠረቱ የተጣለው ጓዳ ውስጥ፣ ፊደል ባልቆጠሩ እናቶች፣ በአያቶችና በታላላቅ ልጆች ነው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክህነቱ የሠራው በዚያ ላይ ነው፤ ታሪካችን ግን የላይኛውን ብቻ መዘገበ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከራሱ ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ይገኛል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንደሆኑ ይታወቃል፤ በእንዲህ ያሉ ደብሮች ዙሪያ የልጆች ትምህርት ለዘመናት ሳይቋረጥ ኖሯል። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ ይወጣል፣ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ሁሉ ግዕዝ ነው። ቅኔ ቤት ቢገባም የሚቆጥረው በግዕዝ ነው። ወደ መጻሕፍት ቤት ሲዘልቅ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያጋጥመዋል፤ አንድምታው፣ ያ በአባባልና በምሳሌ የሞላው ትርጓሜ፣ በአማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ ከፊደል እስከ መጻሕፍት ባለው መንገድ ላይ በትምህርትነት የተሰጠበት ወንበር የለም። መምህሩም ተማሪውም ይዘውት የመጡት ከቤት ነው። ነገሩን ከሌላ ወገን ብናየውም ያው ነው። የሞጣ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ቁርአን ቤት ገብቶ የሚቀራው በዐረብኛ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ደጃፍ አልደረሰችም። ሆኖም ገበያ ላይ ጨዋታ ሲያምር፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲወርድ፣ ሽማግሌ ፊት ነገር ሲቆረጥ ማን የትኛው ትምህርት ቤት ገብቶ እንደነበር ከአማርኛው መለየት አይቻልም። አልቃሿ ፊደል ሳትቆጥር በአንድ ሌሊት ለሟች የምትገጥመው ግጥም ከየኔታ የተገኘ ሊሆን አይችልም። ለሁሉም የጋራ የሆነው ቤት ብቻ ነው።

ያ ቤት ምን ይሠራ ነበር? ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ ጀምሮ ለቁርባን እየታቀፉ ሲሄዱ ቅዳሴውን ይሰማሉ። ከሁሉ የበለጠው መሣሪያ ግን አንቀልባ ይመስለኛል። ከቆዳ የተሠራው፣ በዛጎል ያጌጠው አንቀልባ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ሲያስር ጆሮውን ከትከሻዋ ሥር ያደርገዋል። ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ ከጎረቤት ስትከራከር የምትለውን ሁሉ ከነምክንያቱ ይሰማል፤ ሰላምታ ሲሰጥ አንገት ሲደፋ ያያል፣ ዋጋ ሲጠራ ጤፉ ሲሰፈር ያያል። ማታ እሹሩሩ አለ። ጥቂት የታወቁ ስንኞች ቢኖሩትም እሹሩሩ የተዘጋ ግጥም አልነበረም፤ እናት የልጇን ስም፣ የባሏን መዘግየት፣ የአማቷን ነገር ሳይቀር እያስገባች ቤት ትመታለች። ልጁ እንቅልፍ እስኪወስደው የሚሰማው እናቱ ስትገጥም ነው። ዳዴ ማለት ሲጀምር ደግሞ ጥያቄው ይመጣል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ኮልታፋው የአባቱን ስም ይላል። «እሱስ የማን ልጅ ነው?» የአያቱን ይላል። ሲሳሳት ይሳቅለታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይጠየቃል፤ ትንሽ ከፍ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይዘልቃል። ልጅን በጥያቄና በመልስ፣ በተራ ማናገር ቃላቱን ያበለጽጋል የሚለው የዛሬ የሕፃናት ባለሙያዎች ምክር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

እሳት ዳር የሚካሄደው ጨዋታ የሚቀጥለው ክፍል ነበር። እናት እንዝርቷን እያሾረች ፈትል ትፈትላለች፣ አያት መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጆች ምድጃውን ከበዋል። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጥያቄው ይቀርባል። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ከሽንፈቱ ለመውጣት አገር መጥራት አለበት፤ ትንሿን መንደር ቢሰጥ ጠያቂው አልበቃኝም ይላል፤ ደብረ ማርቆስን ወይም ጎንደርን ሲያገኝ አገሩን ገብቶ እንደ ገዛ አድርጎ ያወራና ተሸናፊውን በነገር ወጋ አድርጎት መልሱን ይነግረዋል። አራት ዓመት የሆነው ልጅ መልስ ባያውቅም የሚያጫውተው ተራ አለው፤ «ምን አውቅልህ» ማለት ይችላል፣ አገር መጥራት ይችላል። በዚህ ጨዋታ ነገርን በሌላ ነገር መሰወርን፣ የተሰወረውንም መፈለግን ይለምዳል። ሰምና ወርቅን የኔታ ሲያስተምረው ለጆሮው እንግዳ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ወላጆች ለዚህ ሁሉ ለምን ደከሙ? ለፍቅር ብቻ አልነበረም፤ መሬትም ነበረበት። አሜሪካዊው አላን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያጠናውንና በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የርስት ሥርዓት ያነበበ እንደሚያውቀው፣ ባለርስት ለመሆን ከመሬቱ የመጀመሪያ አባት መወለድን በአባትም በእናትም ሐረግ ቆጥሮ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ቆጥሮ ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ ዳኛ ፊት ቆሞ መከራከር፣ የተቃራኒን ነገር መምታት፣ ምስክርን ማሳመን ያስፈልጋል። አንደበቱ የተያዘ ሰው መብቱ እያለ መሬቱን ለአንደበተ ርቱዕ ዘመዱ ሊያስረክብ ይችል ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ የተነሣው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይጠፋል ብሎ መሆኑን ስናስታውስ፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የማታ ጥያቄ ተራ የልጅ ማጫወቻ እንዳልነበረ ይገባናል። ልጅን አፍ ማስፈታት ወራሽን ማስታጠቅ ነበር።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የታወቀ ነው። የአማራ ልጅ ታላቅ ፊት ዝም እንዲል እየተቆጡት የሚያድግ ልጅ አይደለም ወይ? በኋላ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ የተባሉት ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጠው አጥንተው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» ልጅ ለታላቁ መታዘዝና መቆጠብ እንደሚጠበቅበት ጽፈዋል። ይህ ጎጃምም ውስጥ እውነት ነው፤ እንግዳ ፊት የሚቀላምድ ልጅ «አፈኛ» ተብሎ ይገሠጻል። ከዚህም የከፋ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋይስሌደርና ፈርናልድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሕፃናቱን ቃላት ያበዛው በቀጥታ የተነገራቸው እንጂ በአጠገባቸው የተወራው አልነበረም። ታዲያ አንቀልባው ምን ረባ?

መልሴ ሁለት ነው። በሜክሲኮ በጼልታል ማያ መንደር ካሲያስ፣ ብራውንና ሌቪንሰን በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ለሕፃናቱ በቀጥታ የሚነገረው በሰዓት 3.6 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ልጆቹ ንግግር የጀመሩት ሌላው ዓለም በሚጀምርበት ዕድሜ አካባቢ እንደሆነ ያሳያል። ማዳመጥም መንገድ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የበለጠ የእኛ ነው። ሌቪን የገለጹት ዝምታ የአባት፣ የእንግዳና የማዕድ ዝምታ ነው። አያት ፊት ያ ሕግ ይላላል፤ ከእህትና ከወንድም ጋር ጭራሽ የለም። የጎጃም ሕፃን በቀጥታ የሚያናግረው ሰው አላጣም፤ ያ ሰው አባቱ አልነበረም እንጂ። የስምንት ዓመት እህቱ አዝላው ስትዞር፣ ጥጃ ጠባቂው ወንድሙ ሲያስቀው ሲያስለቅሰው ይውላል። አጥኚ ቤት ገብቶ አባወራውን ሲያነጋግር የሚያየው ዝም ያለ ልጅ ነው፤ ከብት ጠባቂዎቹን ተከትሎ ሜዳ ቢወርድ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። ዝምታው ያስከፈለን ዋጋ አለ፤ ይህንን አልክድም። ልጃችን ነገር መሰወርንና ማዳመጥን የተካነውን ያህል «ለምን?» ብሎ ታላቁን መጠየቅ አልተፈቀደለትም፤ ይህም እስከ ዛሬ በየክፍሉ ይታያል።

በችግር፣ በሥራ ብዛትና በሕፃናት ሞት መካከል እናት ይህን ለማሰብ ጊዜ ነበራት ወይ የሚል ይኖራል። አላሰበችውም። መጅ ላይ ተደፍታ እየፈጨች ስታንጎራጉር ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ልጁን ማናገሩ ከሥራው የተለየ ሰዓት የሚጠይቅ አልነበረም። የቤቱ ጥበብ ያልተመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሁለት ሰዎች ግን የቤቱን ድርሻ ያለ ክርክር ያሳያሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወለዱ፤ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተኮትኩተው ያደጉ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስን ለአንባቢ ሁሉ ያስተዋወቀው «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከእሱ አሥር ዓመት ቀድመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ግን «ተረት ተረት የመሠረት» ነበር፤ የእሳት ዳሩ ጨዋታ ማለት ነው። በልብ ወለዱ የጉዱ ካሣንና የገበሬውን ምልልስ የሚያደንቅ ሰው ቅኔ ቤቱን ያመሰግናል፤ ያ አነጋገር ግን ከቅኔ ይልቅ ወደ ተረቱ ይቀርባል። ሌላዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ጎጃም ውስጥ በጽላሎ፣ ዓይነ ስውር ሆነው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው እስከ ማስተማር ደረሱ። ሴት ልጅ እግሯን አንሥታ ደብር ለደብር እየዞረች መማር በማትችልበት ዘመን ለእሳቸው ጉባኤ ቤቱ ያባታቸው ቤት ነበር። መምህር አባት ያልነበራት ሌላዋ ባለ ብሩህ አእምሮ ልጅ አልቃሽ ሆነች፣ እሹሩሩ ገጠመች፤ ስሟም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በየአቅጣጫው ተነካ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ለገበሬው የሰጠው ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያው ግን ሰባት ቤት መቁጠር መሬት ማስገኘቱ ቀረ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እናቶችን ፊደል አስቆጠረ፤ የሚያውቁትን ግን አልጠየቃቸውም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር ተረትን ወደ መስኮቱ ያመጡት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ትልቅ ባለውለታ ናቸው፤ ቴሌቪዥን ግን «ምን አውቅልህ» እስኪባል አይጠብቅም፣ ስልክ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአራቱ ምሰሶዎቹ አንዱን የወላጆች ትምህርት አድርጎ ነበር፤ አብዛኛው ጉልበት የሄደው ግን ወደ ዜሮ ክፍል ነው። በዚያው ዓመት አካባቢ፣ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ በተደረገው የንባብ ምዘና በአገሪቱ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ይህን አይቶ «ቤቱ ምንም አላስተማራቸውም» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እነዚሁ ልጆች እንቆቅልህ ይጫወታሉ፣ ይከራከራሉ። ትምህርት ቤቱ ያን ይዘውት የመጡትን ንግግር ከመጽሐፉ ጋር አላገናኘውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ለብዙ ሕፃን የቀረው ቤቱ ብቻ ነው። የሞጣና የቢቸና መምህራን፣ የባህል ባለሙያዎች፣ የካህናት ልጆች፦ የየደብሩን የመምህራን ሐረግ ስትጽፉ ለእያንዳንዱ መምህር «ተረት የነገረው ማነው?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። መልሱን የሚያውቁ አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ፤ እሹሩሯቸውንም እንቆቅልሻቸውንም ዛሬውኑ ቅዱ።