«በላይ»፤ ስም ወይስ ማዕረግ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ መርጡለ ማርያምና ሞጣ፣ «በላይ» የሚለው የወንድ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። በላይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የፋሽስት ወረራ ዘመን አርበኞችን አሰባስቦ ሲዋጋ ለተከታዮቹ ማዕረግ ይሰጥ ነበር። ለራሱ የትኛውን እንደሚይዝ በተጠየቀ ጊዜ፣ እናቱ በላይ ብላ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው መመለሱ በቃል ሲወርድ የመጣ ወግ ነው።

«ላይ» ከግእዙ «ላዕል» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። «በ» ሲጨመርበት «ከሁሉ በላይ» እንደሚባለው ብልጫን ያመለክታል፤ «የበላይ» ስንልም አለቃ ማለታችን ነው። በላይነህ፣ በላይሁን፣ በላይነሽ የተባሉት ስሞች ከዚሁ የወጡ ናቸው።

የተጸውዖ ስም እንደ ድምፁ ይጻፋል እንጂ አይተረጐምም። በላይነህ ዴንሳሞ በ1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ለባዕድ አንባቢ የስሙን ፍች ማስረዳት አላስፈለገም። የአርበኛው መልስ ግን ያለ ፍቹ ባዶ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ስሙን እንዳለ አስቀምጦ ትርጉሙን አንድ ጊዜ ሊያስረዳ፣ መዝገበ ቃላትም በ«በላይ» ሥር የተጸውዖ ስምነቱን ሊያመለክት ይገባል እንላለን።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት በላይን ደጃዝማች ብሎ ሾመው፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በስቅላት ቀጣው። ሹመት ሰጪው መልሶ ሊነሣ ይችላል፤ እናት ያወጣችው ስም ግን ዛሬም ይጠራል።