ለጥናት የሚሰጥ ገንዘብና የጋፋት ቋንቋ

የጋፋት ቋንቋ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ጋፋት የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው ሥፍራ ነው እንጂ ሕዝቡና ቋንቋው ከመታወስ ርቀዋል። ይሁን እንጂ የቋንቋው ሰዋስውና ቃላት ተጽፈው ስለ ተረፉ፣ የሴም ቋንቋዎችን የሚመረምር ተማሪ ሁሉ ሊያነባቸው ይችላል። ይህም ሊሆን የቻለው ከሞላ ጎደል ለአንድ መምህር፣ በአንድ ወቅት በተሰጠ የገንዘብ ርዳታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና የጥናት ድርጅቶች ለመምህራን ምርምር ገንዘብ ሲሰጡ በምን ውል መስጠት ይገባቸዋል ለሚለው ጥያቄ የዚህ ርዳታ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋፋቶች ቀድሞ ከዐባይ በስተ ደቡብ፣ በጥንቱ የዳሞት አገር ይኖሩ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በሆነው ታላቅ የሕዝቦች መዘዋወር ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገቡ፤ በዚያም ቋንቋቸው ቀስ በቀስ ለዐማርኛ ቦታውን ለቀቀ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 በጎንደር ሳለ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ጋፋትና ወደ ሌሎችም ያገሩ ቋንቋዎች አስተረጎመ። ብሩስ ባለ ርስት ስለ ነበረ የሚሠራውን ለማንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። ያስጻፈው የጋፋት ትርጉም በኋላ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። ከዚያ ወዲህ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ሲያልፍ፣ የቋንቋውን ሰዋስው ከተናጋሪዎቹ አፍ በምልዓት የጻፈ አልተገኘም።

ዎልፍ ሌስላው በ1906 በፖላንድ ተወልደው በቪየናና በፓሪስ ተማሩ። በፓሪስ መምህራቸው ታዋቂው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ማርሴል ኮኸን ነበሩ። ጦርነቱ ሲነሣ በፈረንሳይ አገር በእስረኞች ሰፈር ከታጎሩ በኋላ በ1942 አሜሪካ ገቡ። የብሩስን የጋፋት ጽሑፍ መርምረው በ1945 መጽሐፍ ያሳተሙት ኢትዮጵያን ገና በዓይናቸው ሳያዩ ነው። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የአንድ መጽሐፈ ቅዱስ ክፍል ትርጉም እንጂ የሰው ጭውውት አይደለም። ትርጉም ሁልጊዜ የምንጩን አካሄድ መከተሉ አይቀርም፤ በቤትና በእርሻ የሚነገረውንም ቃል ከእርሱ መጠበቅ አይቻልም። የቀረውን የሚሞላው ተናጋሪ ብቻ ነበር።

በ1946 የጉገንሃይም ድርጅት ለሌስላው ርዳታ ሰጠ። ይህ ድርጅት በ1922 የሞተው ልጃቸው መታሰቢያ እንዲሆን ሳይመን ጉገንሃይምና ባለቤታቸው በ1925 ያቋቋሙት ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ለሊቃውንትም ለኪነ ጥበብ ሰዎችም ነው። ርዳታው የሚሰጠው ለሰውዬው ለራሱ ነው፤ ተቀባዩም ጊዜውን እንደ ፈቀደ እንዲሠራበት ይተውለታል። ይህ አሠራር ለገንዘብ ያዥ የሚያስጨንቅ ሊመስል ይችላል።

ሌስላው ወደ ጎጃም ወርደው በ1947 ብዙ ከደከሙ በኋላ ጋፋትኛ የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። የግሥ ርባታውን፣ የስሙን አገባብ፣ የየዕለቱን ቃላት የጻፉት ከእነዚህ ሰዎች አፍ ነው። ሰፊው የጋፋት ሰዋስው በፈረንሳይኛ በፓሪስ የታተመው ግን በ1956 ነው፤ ከጉዞው እስከ መጽሐፉ ዘጠኝ ዓመት ሆነ ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የታተመ ሥራ አቅርብ የሚል ውል ቢኖር ኖሮ፣ ሌስላው ወደ ጎጃም ቆላ ከመውረድ ይልቅ በብዙ ሺሕ ሕዝብ የሚነገር ቋንቋ መርጠው ፈጥነው መጨረስ በቀለላቸው ነበር። የተገኘው ፍሬም የቃላት ክምችት ብቻ አልነበረም። ከዐባይ ሰሜን የተነገረው ጋፋትኛ የቅርብ ዘመዱ በስተ ደቡብ ርቆ የሚገኘው የሶዶ ጉራጌ ቋንቋ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ይህም በሁለቱ መካከል የሕዝቦች አሰፋፈር ሳይለወጥ በፊት ስለ ነበረው ዘመን የሚናገር ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ለማየት ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የመጣውን የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጓድ መመልከት ይበቃል። ማርሴል ግሪዮል የመሩት ይህ ጓድ ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ሲያቋርጥ ወጪው የተሸፈነው የፈረንሳይ ምክር ቤት በልዩ ሕግ በፈቀደው ገንዘብ ነው፤ የፓናማው ቦክሰኛ አል ብራውን በፓሪስ ያደረገው የቡጢ ግጥሚያ ገቢ እንኳ ተጨምሮበታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የተሰበሰበው የፓሪስ ቤተ መዘክር እንዲሞላ ነበርና ጓዱ ከ3,000 በላይ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። በ1932 በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው በግልባጭ ተተኩ፤ ዋናዎቹ እስከ ዛሬ በፓሪስ ናቸው። ገንዘቡ ዕቃ ጠይቆ ነበር፣ ዕቃም አገኘ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ግን በጎንደር ከዛር ባለቤቶች ቤት እየተቀመጡ ያዩትንና የሰሙትን ሲጽፉ ሰነበቱ። በዚያ የተመሠረተው ስለ ዛር የጻፉት መጽሐፍ የወጣው በ1958፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ከጉዞው ሁሉ ለኢትዮጵያ ጥናት ይበልጥ የጠቀመው ይኸው ማንም ያላዘዘው ሥራ ይመስላል።

ውል የሌለበት ገንዘብ ሊባክን እንደሚችል አይካድም። ሌስላው ግን ርዳታውን የተቀበሉት ባዶ እጃቸውን አልነበረም፤ የ1945ቱ መጽሐፍ የሚፈልጉትን ለይተው እንደሚያውቁ አስቀድሞ መስክሮላቸው ነበር። እንግዲህ ሰጪው ሊመረምረው የሚገባው ተመራማሪው ያለፈውን ጊዜ እንዴት እንደ ሠራበት ነው እንጂ ወደ ፊት የሚያገኘውን አስቀድሞ እንዲናገር ማስገደድ አይደለም። የሚያገኘውን የሚያውቅ ሰውማ ለምን ይሄዳል?

ሌስላው በ1955 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ፤ በ1965 በኢትዮጵያ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። በ1979 የጉራጌ ቋንቋዎችን ሥርወ ቃል የሚመረምር መዝገበ ቃላት በሦስት ጥራዝ አወጡ፤ በዚያም መጽሐፍ በጎጃም የሰሙት የጋፋት ቃል በጉራጌው ዘመዱ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል።