ኡሳማ መሉሊ፦ በገንዳም በሐይቅም ያሸነፈው ቱኒዚያዊ ዋናተኛ

በአንድ ኦሎምፒክ በመዋኛ ገንዳም፣ ከገንዳ ውጭ በሚካሄደው የክፍት ውሃ ዋናም ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ቱኒዚያዊው ኡሳማ መሉሊ ነው። ስሙ በአገራችን የስፖርት ወሬ ውስጥ ብዙም አይነሳም። እኛ ዘንድ ኦሎምፒክ ሲባል ሩጫ ስለሆነ አይገርምም። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው የስፖርት ሕይወት በድል ብቻ የተሞላ አይደለም፤ ከድሉ ጋር ጥፋቱንም፣ ቅጣቱንም አብረን እናቀርባለን።

መሉሊ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1984 በቱኒስ አቅራቢያ በምትገኘው የባሕር ዳርቻ ከተማ ላ ማርሳ ነው። ገና በ15 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለልምምድ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ማረፊያው ፎን ሮሜ የተባለው የፒሬኔ ተራሮች ከተማ ነበር። ከፍታ ቦታ መለማመድ ሯጮቻችን ከሱሉልታና ከእንጦጦ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ዋናተኞችም ለዚያው ጥቅም ተራራ ይወጣሉ። በ16 ዓመቱ በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ተሳተፈ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማረ መዋኘቱን ቀጠለ።

በመጀመሪያ የታወቀው አራቱን የዋና ዓይነቶች በሚያፈራርቀው የ400 ሜትር ቅልቅል ውድድር ሲሆን፣ በአቴንስ ኦሎምፒክ 5ኛ ወጥቷል። ቀስ በቀስ ግን ወደ ረጅም ርቀት ነጻ ቀዘፋ አዘነበለ። ነጻ ቀዘፋ ሲባል ዋናተኛው የፈለገውን ስልት መምረጥ ይችላል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ሁሉም የሚመርጡት በደረት ተኝቶ ክንድን እያፈራረቁ መቅዘፍን ነው፤ ከእሱ የሚፈጥን የለምና። 1500 ሜትር የ50 ሜትር ገንዳን ርዝመት 30 ጊዜ መዋኘት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ችግሩ የመጣው በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ ማብቂያ ላይ ነው። በአሜሪካ በተካሄደ ውድድር ላይ የሰጠው ናሙና አምፌታሚን ተገኘበት። የራሱ ማብራሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ለመጨረስ ሌሊት ነቅቶ ለመቆየት ሲል ከጓደኛው አንድ የአደራል ኪኒን ወስዶ መዋጡን የሚገልጽ ነበር። አደራል ትኩረት ማድረግ ለሚቸገሩ ሰዎች ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ነው፤ ለስፖርተኛ ግን ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። የአገሩ ፌዴሬሽን ጉዳዩን ሳያግደው በቀላሉ አለፈው። እሱም በመጋቢት 2007 በሜልበርን የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ወርቅ፣ በ400 ሜትር ብር አገኘ።

የዓለም የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ግን ይግባኝ ጠየቀ። በመስከረም 2007 ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ከናሙናው ቀን ጀምሮ የሚታሰብ የ18 ወር እገዳ ጣለበት። የሜልበርን ውጤቱም ተሰረዘ፤ የ800 ሜትር ወርቁ ለፖላንዱ ፕሼሚስዋፍ ስታንቺክ ተላለፈ። እዚህ ላይ አስተያየታችንን እንናገር። ኪኒኑ ለትምህርት ጽሑፍ እንጂ ለውድድር ታስቦ አልተወሰደም ቢባል እንኳ ሕጉ የሚጠይቀው ሰውነት ውስጥ የተገኘውን ነው፤ ቅጣቱ ተገቢ ነበር። ሙስሊምና አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ ተበዳይ አድርገን ብናቀርበው እውነቱን እናዛባለን።

እገዳው ያበቃው በግንቦት 2008 መጨረሻ፣ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ነሐሴ 17 ቀን 2008 እ.ኤ.አ በ1500 ሜትር ፍጻሜ ተፎካካሪው አውስትራሊያዊው ግራንት ሃኬት ነበር። ሃኬት በሲድኒና በአቴንስ ይህንኑ ርቀት ያሸነፈ፣ ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። መሉሊ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከፊት ሆኖ የሃኬትን ማሳደድ ተቋቋመ። 14 ደቂቃ ከ40.84 ሰከንድ ገባ፤ ሃኬት በ0.69 ሰከንድ ዘገየ። አንድ አፍሪካዊ ወንድ ዋናተኛ በግል ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ለቱኒዚያም ከ40 ዓመት በኋላ የተገኘ ወርቅ ነው። የቀድሞው የሙሐመድ ጋሙዲ ሲሆን፣ በ1968 ሜክሲኮ በ5000 ሜትር የተገኘ ነው። ያንን ስም ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ በዚያው ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ማሞ ወልዴ ብር ሲወስድ ነሐሱ የጋሙዲ ነበር።

በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ወርቅ፣ በ400 እና በ800 ሜትር ብር አገኘ። የዚያ ዓመት ሰዓቶች ግን በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል፤ ዋናተኞች የሚለብሱት ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ልብስ ሰውነትን ውሃ ላይ ያንሳፍፍ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ታግዷል።

በለንደን 2012 በ1500 ሜትር ነሐስ ካገኘ ከስድስት ቀን በኋላ፣ በሃይድ ፓርክ ውስጥ ባለው ሰርፐንታይን ሐይቅ 10 ኪሎ ሜትር ለመዋኘት ገባ። ክፍት ውሃ ሌላ ዓለም ነው። መም የለም፣ ዋናተኞች ይጋጫሉ፣ ይረጋገጣሉ። አሠልጣኞች ከመድረክ ላይ ሆነው መጠጥ በረጅም ዘንግ ያቀብላሉ። ብልህ ዋናተኛ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ መቼ ተነጥሎ መውጣት እንዳለበት ማወቁ ግን ከሁሉም ይከብዳል። መሉሊ ጊዜውን መጨረሻ ላይ አገኘው፤ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ55.1 ሰከንድ ገብቶ ጀርመናዊውን ቶማስ ሉርዝን በ3.4 ሰከንድ ቀደመ። ዕለቱ ነሐሴ 10፣ በረመዷን ወር ውስጥ የዋለ ጁሙዓ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በባርሴሎና የ5 ኪሎ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለስድስተኛ ኦሎምፒኩ በ2021 ቶኪዮ ሲደርስ 37 ዓመቱ ነበር። እዚያው ላይ የ18 ዓመቱ የአገሩ ልጅ አሕመድ ሐፍናዊ በማጣሪያው የመጨረሻው ሆኖ ለፍጻሜ አልፎ፣ ጥግ ላይ ካለው 8ኛ መም ተነስቶ የ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋን ወርቅ ወሰደ። ሐፍናዊም በ2023 በፉኩኦካ በ800 እና በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ ለድንገተኛ ምርመራ ያለበትን ቦታ በአግባቡ ባለማሳወቁ የ21 ወር እገዳ ተጥሎበታል።