ማኅደረ ትውስታ ሲያልቅ፦ የስፒሪት ዐሥራ ስምንተኛ ቀን

ፋይል ሰርቨር በድንገት ቀጥ ሲል በየመሥሪያ ቤቱ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የታወቀ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ለምን እንደ ሠራ ሳይጠየቅ መሣሪያው ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል፤ ሰንበትበት ብሎም እንደ ልማዱ ይቆማል። ይህን የሚያነብ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰርቨር ሳያውቅ አይቀርም። እኔም አንዱን ለወራት አስታምሜአለሁ። ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚቆም ስላልገባኝ ጥፋቱን በኤሌክትሪኩም በገመዱም ሳላክክ ቆየሁ። ያለቀው ግን ዲስኩ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚገለገልበት ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ የምንለው ነበር።

ከዚህ ዐይነቱ ብልሽት ሁሉ በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ማንም እጁን ዘርግቶ ማብሪያውን ሊነካለት በማይችል ኮምፒዩተር ላይ የደረሰው ነው። ወደ እርሱ ከመግባታችን በፊት ግን እንደገና መነሣት የሚባለው መድኃኒት ክብሩን ያገኘበትን ቀን ማስታወስ ይገባል።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (ጁላይ 20 ቀን 1969 እ.ኤ.አ.) አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ገጽ በመውረድ ላይ ሳሉ የመንኮራኩራቸው ኮምፒዩተር 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ። ይህ ኮምፒዩተር የነበረው ተለዋዋጭ ማኅደረ ትውስታ 2,048 ቃላት ብቻ ነበር፤ ቃል ስንል እዚህ ላይ አንድ የቁጥር መያዣ ማለታችን ነው። ለወረዳው የማያስፈልግ አንድ ራዳር የኮምፒዩተሩን ጊዜ ይሻማ ስለ ነበር፣ አንዱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሌላው ይጀመርና አዲስ ሥራ የሚመዘገብበት ቦታ ታጣ። ኮምፒዩተሩም ራሱን እንደገና አስነሣ። ሲነሣ ግን ሁሉንም አላነሣም፤ ለማረፍ የግድ የሚያስፈልጉትን ሥራዎች ብቻ ይዞ የቀሩትን ጣለ። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ቢታይም መንኮራኩሩ በሰላም አረፈ። መዳን የተገኘው ሸክሙን ትቶ በመነሣቱ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ።

ከ34 ዓመት በኋላ ጃንዋሪ 4 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ በማርስ ላይ ጉሴቭ በሚባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ አረፈች። የተመደበላት የሥራ ዘመን 90 የማርስ ቀናት ነበር። 128 ሜጋባይት ሜሞሪና፣ ኃይል ሲጠፋም የያዘውን የማይለቅ 256 ሜጋባይት ፍላሽ ነበራት። ፎቶግራፎችና የመለኪያ ውጤቶች በፍላሹ ላይ በፋይል መልክ ይቀመጣሉ፤ በዚህ ረገድ ስፒሪት ከመሥሪያ ቤታችን ፋይል ሰርቨር እምብዛም አትለይም ነበር።

በዐሥራ ስምንተኛው የማርስ ቀን፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 21)፣ ስፒሪት ዝም አለች። በዚያው ሰዓት በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ ባለው የመገናኛ ጣቢያ ላይ ዝናብ ይጥል ስለ ነበር መጀመሪያ የተጠረጠረው የአየሩ ጠባይ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ በዕለቱ ይፈተሽ የነበረ የአንድ መሣሪያ ሞተር ተጠረጠረ። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ስፒሪት ለጥቂት ደቂቃዎች በሴኮንድ 10 ቢት፣ ቆይታም በሴኮንድ 120 ቢት ፍጥነት ተናገረች። ከዚህ የተገኘው ፍንጭ አስደንጋጭ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ከ60 ጊዜ በላይ ራሱን አጥፍቶ አስነሥቷል፤ ሌሊት መተኛት ሲገባው ነቅቶ ባትሪውን እየጨረሰ ነው።

በካሊፎርኒያ ፓሳዴና የሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የሚያደርገው ፍላሹን ከፍቶ የፋይሎቹን ማውጫ ወደ ሜሞሪ መገልበጥ ነበር። የፋይሉ አሠራር በዘመኑ የግል ኮምፒዩተሮች ከሚታወቀው የዶስ ሥርዓት የተወረሰ ሲሆን፣ አንድ ፋይል ቢሰረዝም በማውጫው ውስጥ የያዘው መስመር አይቀንስም። ሰባት ወር ገደማ በፈጀው ጉዞ የተከማቹት ፋይሎች በማርስ ላይ ከተፈጠሩት ጋር ተደምረው ማውጫውን አሳበጡት። ስለዚህ በፍላሹ ላይ ቦታ እያለ ሜሞሪው አለቀ። ሜሞሪ የተነፈገው ሥራ ሲቆም ኮምፒዩተሩ ራሱን ያስነሣል፤ ሲነሣ ያንኑ ማውጫ ይገለብጣል፤ እንደገና ይወድቃል። አፖሎ ሸክሙን ጥሎ ተነሣ፤ ስፒሪት ግን ሸክሟን ተሸክማ ትነሣ ነበር።

የሶፍትዌሩ ኃላፊ ግሌን ሪቭስ ከባልደረባው ጋር በኋላ ባወጡት ጽሑፍ ጥፋቱን በሁለት የማስተካከያ ቁጥሮች ላይ አሳርፈዋል። አንደኛው የፋይሉ ሥርዓት ሊወስድ የሚችለውን ሜሞሪ የሚወስን ሲሆን ወሰን አልተበጀለትም። ሁለተኛው ሜሞሪ ሲታጣ ምን ይደረግ የሚለውን የሚደነግግ ነው፤ «የለም» ብሎ መመለስ ሲገባው ጠያቂውን ሥራ እንዲያግድ ተደርጎ ነበር። ወሰኑ ቢኖር ሁለተኛው ቁጥር ባልተፈተነ፣ ሁለተኛው ቢስተካከል ደግሞ የወሰኑ መጥፋት በአንድ የስሕተት መልእክት ባለፈ ነበር ብዬ አስባለሁ። ባለሙያዎቹ አልፈተሹም ብሎ መውቀስም አይገባም፤ ፈትሸዋል፤ ነገር ግን በምድር ላይ የተካሄደው ፍተሻ ያን ያህል ፋይል እስኪከማች አልዘለቀም። ከሁሉ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። የቆዩትን ፋይሎች የሚያጠፋ ፕሮግራም በሁለት ክፍል አስቀድሞ ተልኮ አንዱ ክፍል ሳይደርስ ቀርቶ ነበር፤ በድጋሚ ሊላክ ቀን ከተቆረጠለት በኋላ ነው ብልሽቱ የቀደመው።

መፍትሔው ቀድሞ የታሰበበት አንድ ትእዛዝ ሆነ። ስሙ በግምት «በጎደለ አካል ተነሥ» እንደ ማለት ነው፤ ፍላሹን ጨርሶ ሳይነኩ፣ ለፋይል የሚሆነውን ቦታ ከሜሞሪው ላይ ቆርሶ መነሣት። አንድ ቃል ወደ ማርስ ለመድረስ በዚያ ወቅት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበርና መልሱን ለመስማት ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ጃንዋሪ 24 ቀን ትእዛዙ ተላከ፤ ስፒሪት ታዘዘች፤ በዚያም ሌሊት ተኛች። መንትያዋ ኦፖርቹኒቲ በማርስ ሌላ ገጽ ላይ ያረፈችው በማግሥቱ ነበር።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ የስፒሪት ፍላሽ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተዘጋጀ። 90 ቀን የታሰበላት ተሽከርካሪ እስከ ማርች 2010 ድረስ ድምፅዋን አሰማች። ኦፖርቹኒቲ ደግሞ በ2014 ፍላሽዋ በእርጅና ሲከዳት ያንኑ የጎደለ አካል ኑሮ መኖር ጀመረች፤ የዕለቱን ሥራ በሜሞሪ ይዛ፣ ከመተኛቷ በፊት ወደ ምድር ልካ፣ በነጋታው ምንም ሳታስታውስ ትነሣ ነበር። የመጨረሻ መልእክቷ የደረሰው ጁን 10 ቀን 2018 ነው።