ከሠርጉ በፊት ጥምቀት

ኢቆንዮን ከተማ ውስጥ ቴክላ የምትባል የታጨች ልጃገረድ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የጳውሎስን ስብከት ታዳምጣለች። እጮኛዋ ታሚሪስ ቢለምናት፣ እናቷ ብታለቅስ ፊቷን አትመልስም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውን ይህን ታሪክ የደረሰው በእስያ የነበረ ቄስ ነው። ለጳውሎስ ካለው ፍቅር የተነሣ እንደጻፈው አምኖ ከክህነቱ መነሣቱን የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያኖስ መዝግቦታል። ቄሱ ቢሻርም መጽሐፉ አልጠፋም፤ በግእዝ ሳይቀር ተተርጉሞ ተነቧል። ዛሬ ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ የምንለው ዘርፍ ሥሩን እዚህ ድረስ ይሰዳል ብዬ አምናለሁ፤ ልዩነቱ በቴክላ ታሪክ እምነት ሲገባ ሠርግ መፍረሱ ነው።

ሠርጉን መልሰው ያመጡት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደራስያን ናቸው። ሻቶብሪያን እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው «ሰማዕታት» ክርስቲያኑን ወጣትና የጣዖት ካህን ልጅ የሆነችውን ፍቅረኛውን አገናኝቶ ሁለቱንም ለአውሬ ሰጣቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የአውሮፓውያን ናቸው።) ከሁሉም የላቀው ግን በ1896 በመጽሐፍ የወጣው የፖላንዳዊው የሲንኬቪች «ኩኦ ቫዲስ» ነው። ሮማዊው መኮንን ቪኒኪዩስ በአትክልት ቦታ ውስጥ ለሊግያ ፍቅሩን ሲገልጥላት እሷ በሸንበቆ አሸዋው ላይ ዓሣ ትሥላለች። እሱ ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ዓሣው የክርስቲያኖች የምስጢር ምልክት መሆኑን የሚረዳው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ከእጁ ወጥታለች። መጀመሪያ በጉልበት ሊወስዳት የሞከረው ሰው ቀስ በቀስ መለወጡን ሲንኬቪች በትዕግሥት ይነግረናል። ለዚህም ነው መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በኋላም የሚነበበው።

በዚህ ዘርፍ የአንድ መጽሐፍ ክብደት የሚለካው በአንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ሰውዬው ያመነው አምኖ ነው ወይስ ልጅቱን ለማግባት? ሐዋርያው ጳውሎስ ምእመን ከማያምን ጋር እንዳይጠመድ መክሯልና ደራሲው ፍቅረኞቹን ለማጋባት አንደኛውን ማሳመን አለበት። ሰነፍ ደራሲ ይህን በሁለት ገጽ ይጨርሰዋል። እምነቱም ጥሎሽ ሆኖ ይቀራል።

የአማርኛው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከዚሁ ዘር መሆኑ ብዙ አልተነገረለትም። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ታሪክ፣ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች ጦርነት ይጀምራል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ኋላ ሴትነቷ ታውቆ አረመኔው ንጉሥ ሊያገባት ሲመኝ እምነት በመካከል ይቆማል፤ ጋብቻው የሚፈጸመው ንጉሡ ከነሕዝቡ ክርስትና ሲቀበል ነው። ታሪኩ አጭር ስለሆነ የንጉሡ ልብ ሲለወጥ ብዙ አናይም። እኔ ግን መጽሐፉን የማነብበው የአንዲት ልጃገረድ እምነት የአንድን መንግሥት ዕጣ ሊለውጥ ይችላል ብሎ በሙሉ ልብ ስለሚናገር ነው።

በዚያው በ1908 ፊላደልፊያ ውስጥ የግሬስ ሊቪንግስተን ሂል «ማርሻ ስካይለር» ወጣ። ሂል ቄስ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴቶች ልጆቿን በብዕሯ ያሳደገች፣ ከመቶ በላይ መጻሕፍት የጻፈች ሴት ናት። በታሪኩ ሙሽራዋ ከሌላ ሰው ጋር ትኮበልላለች፤ ታናሽ እህቷ ማርሻ በእሷ ቦታ ትዳራለች። ፍቅር የሚመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። አሜሪካኖቹ ነገሩን የገለበጡት እንዲህ ነው፤ ጋብቻው ይቅደም፣ ፍቅርና እምነት በቤት ውስጥ ይደጉ።

ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በ1979 ይህንኑ መንገድ አሰፋችው። በመጀመሪያ ልብ ወለዷ ማርቲ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ ባሏ ይሞትባታል። በተቀበረበት ቀን ክላርክ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ቀርቦ ለትንሿ ልጁ እናት እንድትሆንለት ይጠይቃታል። ጋብቻው ለስም ብቻ ነው፤ ጸደይ ሲገባ መሄድ ከፈለገች የመመለሻዋን ሊከፍል ቃል ይገባል። ማርቲ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከፓንኬክ በቀር መሥራት አታውቅም፣ ስለዚህ ቀን በቀን ፓንኬክ ይበላል። ክላርክ አያጉረመርምም። እግዚአብሔርን የምታውቀው ከስብከት ይልቅ ከዚህ ሰው ዝምታና ከማዕዱ ጸሎት ነው። በመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሮች የተሸጠው ይህ መጽሐፍ ብዙ ተከታይ አፈራ። የመኝታ ቤት በር ለአንባቢ አይከፈትም፤ ለዚያ ሲባል ሌላው ሁሉ፣ ሊጡም ላሟም ክረምቱም፣ በዝርዝር ይጻፋል።

ፍራንሲን ሪቨርስ ስትመጣ ይህ ጨዋነት ብቻውን እንደማይበቃ አሳየች። በ1986 ጌታን ከመቀበሏ በፊት ዓለማዊ የፍቅር ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር። በ1991 የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወደ ካሊፎርኒያ የወርቅ ዘመን ወስዳ በልጅነቷ ለዝሙት የተሸጠች ሴትና የሚወዳት ገበሬ አደረገችው። ሴቲቱ ደጋግማ ትሸሻለች። በመጨረሻው ጊዜ ባሏ ሊያመጣት አይሄድም፤ ለዓመታት ይጠብቃል።

ከዚያ በ1993 ሪቨርስ ወደ ሲንኬቪች ሮም ተመለሰች። ከኢየሩሳሌም ጥፋት የተረፈችው ባሪያ ሐዳሳ የጌታዋን ልጅ ማርከስን ትወደዋለች፤ ሊያገባት ሲጠይቃት ግን ስለማያምን እምቢ ትለዋለች። የመጀመሪያው ቅጽ የሚያበቃው ለአንበሳ ስትሰጥ ነው። ማርከስ አምላኳን ፍለጋ ወደ ይሁዳ ምድር የሚሄደውና የሚያምነው በሁለተኛው ቅጽ ነው፤ ያን ጊዜ ሐዳሳ ሞታለች ብሎ ያምናል፣ የሚያገባት ሴትም የለችውም።