ስለ ቤት ድመት የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

የቤት ድመት ከምዕራብ እስያና ከሰሜን አፍሪካ የዱር ድመት የወረደች ሥጋ በል እንስሳ ስትሆን፣ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ ተቀብራ የተገኘች ድመት የሁለቱ ቅርበት 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መሆኑን ታመለክታለች። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ብትኖርም ስለ እርሷ ከሚነገረው ብዙው በውሻ ወይም በሰው ጠባይ የተለካ በመሆኑ ከእውነታው ይርቃል፤ ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ምንም ጉዳት የሌላቸው ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ድመቷን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ቤተሰቡን ይጎዳሉ።

በኢትዮጵያ ድመት በአብዛኛው የምትያዘው አይጥ እንድታጠፋ በመሆኑ፣ የጠገበች ድመት አታድንም በሚል ምክንያት ምግብ መንፈግ የተለመደ ነው። ረኀብ የማደን ፍላጎትን ቢያባብስም ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ሮበርት አዳሜክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ የሚወዱትን ምግብ በመብላት ላይ ለነበሩ ድመቶች ሕያው አይጥ ሲቀርብላቸው ምግቡን ትተው አይጡን ከገደሉ በኋላ ወደ ምግባቸው ተመልሰዋል። ብዙ ጊዜ አድፍጣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚሳካላት እንስሳ፣ እስክትራብ መጠበቅ አያዋጣም። በአንጻሩ ማንኛዋም ድመት ማንኛውንም አይጥ ትፈጃለች ማለትም የተጋነነ ነው፤ ትንሿን የቤት አይጥ በቀላሉ የምትይዝ ድመት ተናካሹን አይጠ መጎጥ ስታይ ብዙ ጊዜ ትታው ታልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርክ ከተማ በሚገኝ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ድርጅት ውስጥ ለ79 ቀናት በካሜራ ክትትል ሲያደርግ፣ ድመቶቹ ገድለው የታዩት ሁለት አይጠ መጎጦችን ብቻ ነው።

ያልተስማማትን ምግብ መስጠትም ከመንፈግ የማይተናነስ ጉዳት አለው። በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር (ላክቶስን) የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ግልገሏ ጡት ከጣለች በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የላም ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን ድመት እንደ ውሻ ከማዕድ የተረፈውን በልታ ታድራለች የሚለው ነው። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን በሰውነቷ ማዘጋጀት ስለማትችል ከሥጋ ወይም ከዓሣ ማግኘት ይኖርባታል፤ እጥረቱ ብርሃን ተቀባይ የሆነውን የዓይን ክፍል (ሬቲናን) እንደሚያበላሽ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልብንም እንደሚያደክም በ1987 በወጡ ጥናቶች ታውቋል። በዐቢይ ጾም ሽሮ የነካው እንጀራ ብቻ የሚደርሳት ድመት ጤንነቷን የምታቆየው በራሷ አደን ነው ማለት ይቻላል። በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም፣ ቢበስልም እንኳ፣ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያፈርሳል።

ስትዳበስ ከጉሮሮዋ የምታሰማው የማያቋርጥ ድምፅ የደስታ ምልክት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ነገር ግን ስትቆስልና ስትወልድም ታሰማዋለች። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የሚያንጸባርቀው ጥርጣሬ፣ እንዲሁም ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም የሚለው አባባል፣ ከፊል እውነት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታተመ ጥናት፣ ግልገሎች በማያውቁት ክፍል ለሁለት ደቂቃ ብቻቸውን ቆይተው አሳዳጊያቸው ሲመለስ፣ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ተረጋግተው ክፍሉን ማሰስ ቀጥለዋል፤ ይህም በአሳዳጊያቸው መተማመናቸውን ያሳያል።

ነፍሰ ጡር ሴት ባለችበት ቤት ድመትን ማባረር የሚመነጨው ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በቱኒስ ከተለየው ጥገኛ ተሕዋስ ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መንገዱ ግን በተሳሳተ ቦታ ይፈለጋል። ድመት የተሕዋሱን እንቁላል መሰል አካል በዓይነ ምድሯ የምታስወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ይህም አካል ሰውን ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ዓይነ ምድሯን ሌላ ሰው በየቀኑ እንዲያነሣ ማድረግ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ድመቷን አባርራ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የምትበላ፣ ሰላጣውንም በደንብ የማታጥብ ነፍሰ ጡር ግን ጠባቡን በር ዘግታ ሰፊውን ከፍታለች።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከሁሉ የከፋው ስሕተት የተደበቀው በስም ውስጥ ነው። ሬቢስ የተባለው ገዳይ በሽታ «የእብድ ውሻ በሽታ» ተብሎ በመጠራቱ ውሻ ብቻ የሚያስተላልፈው ይመስላል፤ የድመት ንክሻም ቀላል ጭረት ተደርጎ ይታለፋል። ቫይረሱ ግን አጥቢ እንስሳትን ሁሉ የሚይዝ ሲሆን፣ ድመት ብዙውን ጊዜ ከታመመ ውሻ ወይም ከዱር እንስሳ ተነክሳ ትያዛለች፤ ምራቋም እንደ ውሻው ሁሉ ያስተላልፋል። የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ስለ ክትባቱ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ድመቷም ቀድሞ እንደ ውሻ መከተብ ነበረባት።