ከጅቡቲ ከተማ ወደ ጎዳ ፏፏቴዎች

የጎዳ ተራሮች ከጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ይገኛሉ። ከፍታቸው ከ1,700 ሜትር ያልፋል። አናታቸው ላይ የዳይ ደን አለ፤ ከደኑ በታች በተሰነጠቁት ሸለቆዎች ውስጥ ደግሞ ምንጮች፣ ጅረቶችና ትናንሽ ፏፏቴዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ስማቸው አዘውትሮ የሚነሳው ሁለት ናቸው፤ አንዱ በባንኳሌ መንደር አጠገብ ያለው ሲሆን ሌላው ከዲቲሉ ተነስቶ በእግር የሚደረስበት የቶሃ ፏፏቴ ነው። ጢስ ዓባይን ያየ ኢትዮጵያዊ እነዚህን ፏፏቴ ብሎ መጥራት ሊከብደው ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ በሌላት አገር ግን ከአለት ላይ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ሰውንም ከብትንም ከሩቅ የሚጠራ ነገር ነው።

ውሃው የሚመጣው ከዝናብ ብቻ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ታገኛለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ነፋሱ ከባሕሩ እርጥበት ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ በጥዶቹ ቅጠል ላይ፣ ከቅርንጫፍ እንደ ጢም በሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ላይ ተይዞ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ከዚያም በእሳተ ገሞራው አለት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ከታች በምንጭነት ይወጣል። ስለዚህ ፏፏቴውና ደኑ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ የላይኛው ሲሳሳ የታችኛው ድምፅ መቅጠኑ አይቀርም።

ደኑ ራሱ የድሮ ዘመን ቅሪት ነው። የአየር ጠባዩ ቀዝቃዛና እርጥብ በነበረበት ጊዜ በሰፊው ተዘርግቶ የነበረ እጽዋት፣ በረሃው ሲስፋፋ ወደ ተራራው አናት እየሸሸ ወጥቶ እዚያ ተከቦ ቀረ። የአበሻ ጥድ፣ ወይራና ግራር በውስጡ መኖራቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዳ አያደርገውም፤ በትግራይና በአፋር ድንበር ገደል ላይ ያለው የደሳአ ደን የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዘመዶቹ የራቀ አንድ ዛፍም አለው። በባንኳሌ ሸለቆ የሚበቅለው ረጅም ዘንባባ በዓለም ላይ የሚገኘው እዚህ፣ በሰሜን ሶማሊያና በየመን ብቻ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወገኖቹ የሚገኙት በደቡብ ምሥራቅ እስያና በአውስትራሊያ ነው። ግንዱ ቀጥ ያለና ጠንካራ ስለሆነ ለቤት ሥራ ሲቆረጥ ኖሯል፤ ቁጥሩ የተመናመነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወደ ውሃው የሚወስዱትን መንገዶች ያወጡት የአፋር አርብቶ አደሮች ናቸው። ቆላው ሲነድ ከብቱንና ፍየሉን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቆላው ላይ ሲዘንብ ይመለሳሉ። የማን መንጋ የት እንደሚጠጣና የት እንደሚግጥ የሚወስነው መድዓ የሚባለው ባህላዊ ሕጋቸው ነበር። ጉዞው ግን ከእግር በፊት በጆሮ ነው የሚጀመረው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ጥላ ፈልገው ይቀመጡና ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንደኛው ይጠይቃል፣ ሌላኛው ያየውንና የሰማውን በየተራ ይናገራል፤ የት ዘነበ፣ የትኛው ምንጭ ደረቀ፣ በየትኛው ሸለቆ ጎርፍ ወረደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ። ሰሚው ጣልቃ ሳይገባ አድምጦ የሰማውን ለሚቀጥለው ሰው ሳያዛባ ማድረስ ይጠበቅበታል። ይህ ለወግ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በጎዳ ሸለቆዎች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ የዘነበ ዝናብ በድንገት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የድንጋይ መንከባለል የመሰለውን የሩቅ ድምፅ ቀድሞ ያልለየ ሰው ወደ ዳገቱ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም።

በታጁራ በኩል ያለፉት የውጭ ተጓዦች ግን ተራራውን ከታች ነው ያዩት። ታጁራ የአፋር ሱልጣን መቀመጫና የሸዋ ነጋዴዎች የባሕር በር ነበረች። በ1841 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዙ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የተላከውን መልእክት ይዞ የተነሳው ከዚህች ከተማ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ ከርሟል። ሁለቱም ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ባለው በአሳል ሐይቅ አካባቢ፣ በጨውና በጥቁር ድንጋይ መካከል አለፉ። ጭነት ያለው ግመል የሚፈልገው ሜዳ መንገድ ስለሆነ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጽሑፍ የጅቡቲን ምድር እንደ ሲኦል ደጃፍ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው፣ ከላይ ዳገቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሳይሰሙ ስላለፉ ጭምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጅቡቲ ከተማ ከታጁራ ጋር ስትነጻጸር የትናንት ልጅ ናት። ፈረንሳዮች በሊዮንስ ላጋርድ አስተዳደር ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ከኦቦክ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተሻግረው ቆረቆሯት፤ ብዙም ሳይቆይ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ የኢትዮጵያ ደጅ መሆኗ ተረጋገጠ። ወደብ ነበራት፣ ሐዲድ ነበራት፣ ጥላ ግን አልነበራትም። ለነዋሪዋ የመጀመሪያው አረንጓዴ ቦታ በከተማው ጠርዝ ያለው የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ነበር። ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው ዘንባባና አትክልት ያለሙበት ይህ ወንዝ፣ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ የመጠጥ ውሃም ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። አቅም ያለው ሰው በክረምቱ ሙቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደጋማዋ አርታ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም ይወጣል። ጎዳ ግን ከባሕሩ ማዶ ስለነበር በጀልባ ወደ ታጁራ መሻገርን፣ ከዚያ በበቅሎ ወይም በእግር መውጣትን ይጠይቅ ነበር። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የዳይን ደን በ1939 ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከለለው። ክልሉ በወረቀት ላይ ቆየ፤ በሜዳ ላይ ግን መጥረቢያውንም መንጋውንም የሚያስቆም ጠባቂ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ደኑን ለዓለም ያስተዋወቀው አንድ ወፍ ነው። በ1952 ፈረንሳዮቹ ዣን ዶርስትና ክርስቲያን ጁዋኒን ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቀውን የጅቡቲ ቆቅ ገልጸው ስም አወጡለት። በአማርኛ ንቁ ሰው «እንደ ቆቅ» ይባላል፤ ይህኛው ቆቅም ስሙን አያስነቅፍም። ሰው ገና ሳያየው ሰምቶ ጥቅጥቅ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ሊያጠኑት የሄዱት ሰዎች የቆጠሩት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሸለቆው አፋፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ጩኸት አዳምጠው ይመዘግባሉ። ጩኸቱ በአንድ ሻካራ ድምፅ ይጀምርና «ካ፣ ካ፣ ካ» እያለ እየፈጠነ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሳቅ በሚመስል ማጉረምረም ይጠፋል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከማዶ ይመልሳል። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ግን ሸለቆው ዝም ይላል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ወፉ የለም ብሎ ሊመለስ ይችላል።

በ1984 እና በ1985 የእንግሊዝ የወፍ አጥኚዎች ጄፍና ሂላሪ ዌልች ሰፊ አሰሳ አካሄዱ። ቆቁ በስተምሥራቅ ባሉት የማብላ ተራሮችም እንደሚኖር የታወቀው በ1985 ነው። በዚያው ዘመን በቶሃ አካባቢ የአበባ ማር የምትቀስም አንዲት ትንሽ ወፍ ታየች። ከሚታወቁት ወገኖች ከአንዳቸው ጋር በእርግጠኝነት ልትመደብ ስላልቻለች ለብዙ ዓመታት «የቶሃ ወፍ» እየተባለች ያለ ሳይንሳዊ ስም ቆየች። ፏፏቴው ከተሰየመበት ሸለቆ ስሟን ማግኘቷ ተገቢ ነው፤ ውሃ ባለበት አበባ አለ፣ አበባ ባለበት እሷ አለች።

የጆሮው ቆጠራ ያመጣው ዜና መጥፎ ነበር። በ1978 የቆቁ ብዛት 5,600 ያህል ተገምቶ ነበር፤ በ1985 ግምቱ ወደ 1,500 ወረደ፣ በ2000ዎቹ ደግሞ ከአንድ ሺህ በታች ሆነ። ዛሬ ወፉ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ቤቱ የነበረው ጥድ እየደረቀ ነው። ደኑ በሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ስፋቱን አጥቷል ተብሎ ይገመታል። ምክንያቱን በአንድ ነገር ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጫነው በእረኛው ላይ ነው። ለማገዶ መቆረጡና የከብቱ ጫና እውነት ቢሆኑም፣ ድርቁና የጉሙ መቀነስ ያልተነካውን ዛፍ ጭምር አድርቀዋል። ችግኝ ሲበቅል ፍየሉ ይቀጥፈዋል፣ የተረፈው ደግሞ ውሃ ያጣል። በደሳአም የሚታየው ተመሳሳይ ነው፤ እዚያም ጥዱ ከቆላው በኩል እየደረቀ ወደ ላይ ይሸሻል።

በዳይ ደን ላይ ጦርነትም አልፎበታል። በነሐሴ 1991 የተመሠረተው ፍሩድ የተባለው የአፋር ተዋጊ ግንባር ከመንግሥት ጋር ሲዋጋ፣ ጎዳ ከዋናዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ነበር። በታኅሣሥ 1994 በአብአ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ወደ ፏፏቴዎቹ ለመዝናናት የሚወጣ አልነበረም።

ከአገሪቱ ነጻነት በኋላ የተሠራውና ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ጅቡቲን ከታጁራ የሚያገናኘው «የአንድነት መንገድ» ግን ከሰላሙ ወዲህ ለጎብኚዎች አገለገለ። 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ የከተማውን ሰው ያለ ጀልባ ወደ ተራራው ግርጌ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ በባንኳሌና በዲቲሉ የመንደር ሰዎች ለእንግዳ የሚሆኑ ማረፊያዎችን ከፍተዋል። ማደሪያው ከዘንባባ ምንጣፍ የሚሠራው የአፋሮች ጎጆ ዳቦይታ ነው፤ አሁን የሚተከለው በግመል ተጭኖ ለሚዘዋወር እረኛ ሳይሆን ለእንግዳ ነው። ከጅቡቲ ከተማ የሚመጡት ቤተሰቦች፣ ተማሪዎችና በከተማዋ የሰፈሩ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ መሪ ሆኖ የሚያስከትላቸው የእረኛ ልጅ ነው። መንገዱ በጅረቱ ወለል፣ በትልልቅ ለስላሳ ድንጋዮች ላይ ይሄዳል። ባንኳሌ ላይ ውሃው በቦይ ተጠልፎ ለእርከን አትክልት ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚሰማው የፏፏቴው ሳይሆን የቦዩ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የዘንባባው ቅጠል ሲፋተግ፣ ከገደሉ የዝንጀሮዎች ጩኸት ሲመልስ ይሰማል። ፏፏቴው የሚሰማው መጨረሻ ነው፤ ሲቀርቡት እንኳ አያገሳም፣ በአለቱ ግድግዳ መሃል እየተንጠባጠበ ያስተጋባል እንጂ።

ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ፒኬ 12 ላይ፣ ተራ ሲጠብቁ ይህን ተራራ አይሰሙትም። በ2017 የታጁራ ወደብ ከተመረቀና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ባልሆ፣ የሚወጣው አስፋልት ከተከፈተ ወዲህ ግን በራንዳ በኩል በግርጌው እያለፉ ነው። ወደ ውሃው መውጣት ለሚፈልግ ሰው ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ቆቁን መስማት የሚፈልግ ደግሞ ዳይ ላይ አድሮ ከጎሕ በፊት መነሳት ይኖርበታል፤ ሸለቆ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም መሪውን ዳጉ ጠይቆ፣ ከላይ ዘንቧል ከተባለ አፋፉ ላይ ቢቀር ይሻላል።